ሃያ አንደኛው ሥዕል

እንጦጦ፣ ጥቅምት ፲፱ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ አንኮበር ላለሽው ለባለቤቴ ለየሺመቤት። ከተለየሽን ጀምሮ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ ሕመሙ ቀለል አላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ስሥል ያየኝ አንድ ፈረንጅ የዘይት ቀለም ሰጥቶኝ ሄደ። «ለአንድ ወር በየቀኑ አንድ ሥዕል ብትሥል እጅህ ይለምደዋል» አለኝ፤ እኔም እሺ አልሁ። ቀለሙ እንደኛው ቶሎ አይደርቅም፤ ልብሴን ሁሉ አበላሽቶታል።

የምሥለው ልጃችንን የማርያምወርቅን ነው። ያቺ እንደ ፌንጣ የምትዘል ልጅ እንዲህ ጸጥ ብላ ትቀመጥልኛለች ብዬ አላሰብሁም ነበር። መኝታዋን ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት አዛውሬላታለሁ። ጎረቤታችን እማሆይ ለተጊዮርጊስ ጠዋት ጠዋት ጠበል ያመጡልናል፤ አጥሚቱንም የሚያጠጧት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሲያድግ መቼም ፊቱ ይሾላል፤ ሥዕሎቹን በተራ ስደረድራቸው አስተዋልሁት። ከአሥረኛው በኋላ መደርደሩን ተውሁ።

ዛሬ ሃያ አንደኛውን ጀምሬ ዓይኗን እንደጨረስሁ፣ «አባዬ፣ እስከ መቼ ነው የምቀመጠው? ራበኝ» አለችኝ። ያቀረብሁላትን በልታ ደጅ ወጣችና፣ በቀስታም ቢሆን፣ የእማሆይን ዶሮዎች ማባረር ጀመረች። ቀለም የነካ እጄን ሳልታጠብ በሩ ላይ ቆሜ ሳያት ዋልሁ። ሥዕሉ ያለ አፍና ያለ አፍንጫ ቀርቷል፤ ቢሆንም ከሁሉም እሱን ወደድሁት።

እናትሽን በደንብ አስታምሚያቸው፤ ለመምጣት አትቸኩይ። ትናንት ብጽፍልሽ ኖሮ እንዲህ አልልም ነበር። በዓይነ ሥጋ እስክንተያይ መድኃኔዓለም ይጠብቅሽ።

ባልሽ ኃይለ መስቀል