የአባባ መኪና ቁመት

ይድረስ ለምወድሽም ለምፈራሽም ታላቅ እህቴ፤

ቆመሽ እያነበብሽ ከሆነ ተቀመጪ። ሕፃኑን አቅፈሽ ከሆነም ለአባቱ አቀብዪው። ቤታችን ላይ ከባድ ነገር ወድቋል። የእማማ ፎቶ ፊት ቆሜ፣ ቆቤን አውልቄ፣ ብዙ ካሰብኩበት በኋላ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። እታለም፣ ልብሽን አጽኚ፤ አባባ መኪና ገዝቷል።

ድንጋጤሽ እስኪበርድ ሰላምታዬን ላድርስ። እንዴት ሰነበትሽ? ልጅሽ ኢቡኪስ? ጥርስ አወጣ ወይስ አሁንም እንደ መንደራችን ሽማግሌዎች በድዱ ነው የሚስቀው? እኛ ደህና ነን። የሩዙ ችግኝ ተተክሏል፤ እንቁራሪቶቹም ስብሰባ የተጠሩ ይመስል ቀኑን ሙሉ ይጮኻሉ። እኔ ያው ነዳጅ ማደያው ውስጥ የሰው መኪና ሳጥብ የራሴን ፊት ሳልታጠብ እውላለሁ። ከትምህርት ጋር እንደሆነ ተስማምተን ነው የተለያየነው፤ ስለዚህ አስተማሪነትሽን ትተሽ ቀዩን እስክሪብቶ ከአጠገብሽ አርቂልኝ።

እና መኪናው። አዎ፣ ያው አባባ ነው። አምና መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ የጎረቤታችንን የኩማጋይን አጥር የደረመሰው፣ አንቺም «መኪና ማቆም እንኳ አቅቶሃል፤ መንጃ ፈቃድህን መልስ» ያልሽው። ከዚያ ወዲህ ስምሽ ሲነሳ ሻይ የሚያንቀው። መንጃ ፈቃዱን ይመልሳል ስንል ሄዶ አዲስ መኪና አመጣ። ከፍ ለማለት የሞከረች የቤተሰብ መኪና ናት፤ ጂፕ ልሁን ብላ ተነስታ መንገድ ላይ ሐሳቧን የቀየረች ዓይነት።

የሸጠለት ሆሺካዋ ማደያው መጥቶ ምን አለኝ መሰለሽ? «ወንድሜ፣ አባትህ ጤነኛ ናቸው? ስለ ሞተሩ ልንገርዎት ስላቸው ‹ቁመቷ ስንት ነው?› ይሉኛል። ስለ ነዳጁ ስላቸው ‹ቁመቷስ?› በመጨረሻ የአናጢ ሜትር ከኪሳቸው አውጥተው ራሳቸው ለኩ። አንድ ሜትር ከሃምሳ አራት። ‹ይህቺን› ብለው ፈረሙ።»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። አባባን «እዚህ ሜዳ ላይ ከሰማይ በቀር ጣሪያ የለም፤ ጭንቅላቷን ምን እንዳይነካት ነው?» አልኩት። «አንተ ደደብ፣ ሥራህን ሥራ» አለኝ። እንደምታውቂው የሚያቆላምጠኝ በዚህ ስም ነው።

በደንብ ስለማውቃት እውነቱን ልመስክርላት። ነዳጅ አትጠጣም፣ ትቀምሳለች። የኋላው ወንበር ሲታጠፍ ስድስት ጆንያ ሩዝ ትውጣለች። ኮረብታው ላይ ግን እንደ አክስታችን እያቃሰተች ነው የምትወጣው። የኋላ መስታወቷ ከመጥበቡ የተነሳ ወደ ኋላ ስትሄጂ በእምነት ነው። ከኋላ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ጣሪያው ራሱን ያሻሸዋል። ደግሞ ለፍላፊ ናት፦ መስመር ሳቱ፣ ቀበቶ ረሱ፣ ደክሞዎታል ይረፉ። አባባ መልስ ይሰጣታል። «ገባኝ አልኩሽ እኮ!» እያለ ሲነዳ ኩማጋይ አይቶት እንደገና ሚስት አገባ ብሎ አውርቷል።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት እየተጠጋሁ ነው፤ አትቸኩዪ።

መኪናዋ አጥራ አሳዘነችኝ። ከማደያው ጓዳ የበረዶ ሸርተቴ መጫኛ ፖርቶ መጋላ አወጣሁና አባባ ሳያየኝ ጣሪያዋ ላይ አሰርኩት። በሚያዝያ! በረዶው ከቀለጠ፣ ሰው ሁሉ ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ! ቁልፍ ስላለው ቆለፍኩት፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት። አባባ ጠዋት ወጥቶ «ይሄ ምን ቀንድ ነው?» አለ። «‹ጌታዬ፣ እባክህ› ካልከኝ እፈታዋለሁ» አልኩት። በሕይወቱ ለማንም እባክህ ብሎ አያውቅ፣ ዝም ብሎ ገብቶ ነዳት። በነፋስ ጊዜ ፉጨት ታፏጫለች፤ መንደሩ ፉጨቱን ሲሰማ አባባ መምጣቱን ያውቃል። እንዴት እንደተደሰትኩ አልነግርሽም።

የኢቡኪ መቶኛ ቀን፣ ሕፃን ለወጉ ያህል የመጀመሪያ ጉርሻውን የሚቀምስበት፣ እሁድ ዕለት ደረሰ። አባባ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወጣ። «የት ነው?» ብለው «የችግኝ ስብሰባ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ልብሱን ሰቀለና ሳይበላ ማሳ ወረደ። አንቺ በማግስቱ ደወልሽ። ዓሣውን ጠብሰሽ፣ ወንድ ልጅን የሚያጎርሰው አያቱ ነው ብለሽ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ድረስ እንደጠበቅሽ፣ በመጨረሻ የባልሽ አባት እንዳጎረሱት ነገርሽኝ። «ሩዙ ከልጄ በለጠበት?» ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። ለእኔም የበለጠበት መስሎኝ ነበር። ለሁለት ቀን ሰላም አላልኩትም፤ እሱ ግን ጭራሽ አላስተዋለም፣ ዕረፍት ያገኘ ነው የመሰለው።

ባለፈው ማክሰኞ መኪናዋን ሳጥብ መስታወቱ ላይ ያለችውን፣ መንገዱንም ድምፁንም የምትቀርጸውን ካሜራ ከፈትኳት። እየነዳ ይዘፍናል፤ ድምፁን ቀድቼ ማደያው ውስጥ ላስቅበት ነበር ሐሳቤ። የዚያን እሁድ ቀረጻ አገኘሁ።

ያንቺ ሕንፃ ነው፣ እታለም። ያ መኪና እያነሳ እንደ ሣጥን የሚደረድረው ማቆሚያችሁ። ዘበኛው ወጥቶ ጎንበስ ብሎ «አባት፣ በጣም ይቅርታ፣ ማሽኑ ከአንድ ሜትር ከሃምሳ አምስት በላይ አያስገባም። ያ ከላይ ያለው ይውረድልኝ» ይላል።

«ቁልፉ ልጄ ጋ ነው።»

«ልጅዎ የት ነው?»

«ደደቡ? ቤት።»

ዘበኛው መልካም ሰው ነው። «ቤተሰብ እዚህ ካለዎት ልደውልና ይውረዱልዎት፤ ሌላ ቦታ ያሳዩዎታል» አለው። አባባ «ተው፣ አትደውል። ማቆም አቃተው ትላለች» አለ።

በዓል ስለነበር ከተማው ሁሉ ሞልቷል። ሰባት ጊዜ ዞረ፤ በረንዳሽን ሰባት ጊዜ አለፈ፣ ያ ቢጫ ብርድ ልብስ የተሰጣበት። በሰባተኛው ላይ መኪናዋ እንደ ልማዷ «ደክሞዎታል፣ ትንሽ ይረፉ» አለችው። ይሰድባታል ብዬ ጠበቅሁ። «እሺ» አላት፣ ቀስ ብሎ።

የአናጢው ሜትር ትዝ አለኝ። በረዶው ሳይቀልጥ ስልክ ስናወራ ስለ ማቆሚያው ቁመት ስትነግሪኝ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌው ነበር፤ አባባ ከጎኔ ጋዜጣ ያነብ ነበር። አሁን ሳስበው ገጹን አልገለጠም።

የመኪናዋን አንድ ጉድለት ረስቼ ነበር። መታጠፊያ ላይ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ሆሺካዋ ሁለት ጊዜ ፈታትቶ አጣው። እኔ አገኘሁት፦ በበሩ ኪስ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ሣጥን፣ በውስጧ ከመንደራችን መቅደስ ግቢ የተለቀመች ለስላሳ ጠጠር። በመቶኛው ቀን የልጁን ድድ የሚነኩባት፣ ጥርሱን ታጠነክራለች የምትባለው፣ በኋላም ወደ መቅደሱ የምትመለሰው። የላክሽልኝ ፎቶ ላይ ያለችው ከሱቅ የተገዛች ነች አይደል? አባባን «ይህቺን ለምን ለመቅደሱ አልመለስካትም?» ብለው፣ ዓይኔን ሳያይ «ገና ሥራዋን አልሠራችም» አለኝ።

የፖርቶ መጋላው ቁልፍ እዚህ ፖስታ ውስጥ ናት። ሌላ ቁልፍ የለም። እሱ እባክህ አላለኝም፣ እኔም ሽንፈት አልወድም፤ እንግዲህ አንቺ ዘንድ ትሁን። ብትፈልጊ ወንዝ ውስጥ ጣያት። ባቡር ላይ ብትወጪም ጣቢያው ላይ እቀበልሻለሁ። የሕፃን መቀመጫ ከገዛት ቀን ጀምሮ ከኋላ ታስሯል፤ ለኢቡኪ ደግሞ ጣሪያዋ ሰማይ ነው።

ጤናው ይብዛላችሁ፣ ልጁ ይደግልሽ፣ ጡትሽ አይንጠፍ። አባባ ይህን እንደጻፍኩ ካወቀ ሩዙ ውስጥ ይተክለኛል።

ለነገሩ ቤታችን ላይ ወደቀ ያልኩሽ ከባድ ነገር፣ ፖርቶ መጋላውን ስለካው፣ አስራ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከዚህ እስክሪብቶ ያጥራል። አታክብጂው።

ደደቡ ታናሽ ወንድምሽ