በአባቴ ያላከክሁት የሄምፕ አዝመራ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ሰይፈሥላሴ፣
መሐል ሜዳ።

እንደምን ከርመዋል አባቴ? ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ያ ጉልበትዎን የሚይዝዎ ነገርስ ተሻለዎት ወይስ እንደ ልማድዎ «ምንም አይደል» እያሉ ደብቀውናል? እማዬስ ሳሏ ለቀቃት? ገብሱስ የኅዳሩ ውርጭ ሳያገኘው ቤት ገባ? ከብቱ፣ ጎረቤቱ፣ ደብሩ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ልጅዎ ባንቺአየሁ ለጤናዬ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰውነቴ ደህና ነው ማለቴ ነው። ፊቴን ቢያዩት ግን ምን ነካት ይሉ ነበር፤ ከመስከረም ወዲህ ሰው ቀና ብዬ አላየሁም።

በስልክ ስንገናኝ «ሁሉ ሰላም» እያልኩ ስዘጋው ከርሜአለሁ። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ እኮ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ዓይነት ልጅ ነው ያሳደጉት! ዛሬ ግን መሸሻ የለኝም። ጋሼ ኪዳነማርያም የሚባሉ ትልቅ ሰው ለጥምቀት አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ እናንተ ይወጣሉ። የሚመጡት እርስዎን ፈልገው ነው። ለምን እንደፈለጉዎ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ከእኔ መስማት አለብዎት።

ጋሼ በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ መሐንዲስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው የአዜብ ምግብ ቤት ነው የምንሰበሰበው። ባለፈው ዓመት እዚያ ተቀምጠን ሳለ ጋሼ እርሻ እንጀምር የሚል ሐሳብ አመጡ። እዚህ ሎስ አንጀለስ ሳይሆን ወደ ሰሜን፣ ካናዳ ድንበር አጠገብ፣ ሞንታና በሚባል አገር፤ መሬቱ በኪራይ፣ ገንዘቡ በሼር። ከመካከላችን ሞፈር ያለበት ቤት ያደግሁት እኔ ብቻ ነኝና «ባንቺአየሁ የገበሬ ልጅ ናት፣ እሷ ታውቃለች» ተባለ። እኔም አፌን ሞልቼ «ኦኬ፣ ለእኔ ተዉት» አልኩ። እንዴት ኮርቼ እንደነበር! ሚድ ዊልሻየር በሚባል ሰፈር የሰው እናት ሳጥብና ሳለብስ የኖርኩት ሴትዮ በአንድ ቀን አማካሪ ሆንኩ።

የዘራነው ሄምፕ የሚባል ተክል ነው። እግዚኦ እንዳይሉኝ እንጂ የሐሺሽ ዘመድ ነው። አይደንግጡ፣ ይህኛው አያሰክርም፣ መንግሥትም ፈቅዶታል፤ የሚፈለገው ፍሬው ነው። ፍሬው ከኑግ ተለቅ ይላል፣ ዘይት ይወጣዋል፣ ሰውም ይበላዋል። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስማ በጎን እያዩ «ባንቺአየሁ ዕፅ ጀመረች» ብለው ስቀውብኛል። ያ ሐፍረት ከኋላ ከመጣው ጋር ሲተያይ ሠርግ ነበር።

ያ አገር እንደ እኛ ቀዬ ውርጭ ያለበት ነው፤ እንዲያውም ይብሳል። ብርዱ እስከ ግንቦት አይለቅም፣ መስከረም ሲጠባ ውርጩ ይመለሳል፤ በመካከል ያለችው ሙቀት አጭር ናት። ስለዚህ ዘሩ ለዚያ አገር ተብሎ የተመረጠ፣ ቶሎ የሚደርስ መሆን አለበት። የሞቃት አገሩን ዘር ቢዘሩት ቀኑ እስኪያጥር አላብብም ብሎ ይቆይና ሳያፈራ ውርጭ ይበላዋል። ይህን ሁሉ ጋሼ አጥንተው ትክክለኛውን ዘር አስመጡ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ከጋሼ ጋር ስሄድ አዝመራው እስከ ትከሻዬ ደርሶ ፍሬ የያዘው ራሱ ከብዶት ወዲያ ወዲህ ይል ነበር። ማሳው መሐል ቆሜ ብቻዬን እልል አልኩ።

የኮምባይነሩ፣ የማጨጃ መኪናው ባለቤት መጣና «ጊዜው አሁን ነው፣ ነገ እንጨደው» አለ። ባየው ቅጠሉ ገና አረንጓዴ፣ አገዳው እርጥብ ነው። ከራሱ ጫፍ ላይ ፍሬ ቀጥፌ እርስዎ ገብሱን እንደሚያደርጉት በጥርሴ ነከስኩት፤ ወተት ሆኖ ፈሰሰ። ገብስ ቢሆን በዚህ ጊዜ ማን ማጭድ ያነሣል? «አይሆንም፣ ከጥርስ ሥር ቀጭ ሲል ነው የሚታጨደው፣ ይቆይ» አልኩ። ሰውዬው ይህ ተክል የሚበስለው ከታች ወደ ላይ ነው፣ ጫፉን ከጠበቃችሁ የታችኛው ይረግፋል፣ አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ ፍሬው ወዲያው በማሽን ይደርቃል ብሎ አስረዳን። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። የገበሬ ልጅ ተብዬ የለ! አሁንም «ይቆይ» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። እሳቸውም እኔን አምነው ሰውዬውን አሰናበቱት።

ከዚያማ ምን ልበልዎ። መጀመሪያ ወፉ ወረደበት። ቀጥሎ ውርጭ መታው፣ በማግስቱ ነፋስ ተነሣ። ደርሰን ስናየው ፍሬው መሬት ላይ ተዘርግፏል፣ ራሱ ባዶ ነው። አገዳው ደግሞ ከርሮ ገመድ ሆኗል፤ የተረፈችውን ለማጨድ ሰውዬው ተጠርቶ ቢገባ ቃጫው ኮምባይነሩ ላይ እየተጠመጠመ አስቆመው። ጎንበስ ብዬ ፍሬውን ከነአፈሩ በእፍኜ ሳፍስ ጋሼ «ተይው ልጄ» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት!

አባቴ፣ እስካሁን ያወራሁት ስሕተት ነው፤ ሰው ይሳሳታል። አንገቴን ያስደፋኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ከሞንታና ተመልሰን አዜብ ቤት ተሰበሰብን፤ ባለ ሼሩ ሁሉ መጥቷል። የአዜብ ፊት ጠቁሯል። አንዱ «ለመሆኑ ይቆይ ያለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ስሜን ላለመጥራት አቀረቀሩ። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ግን፣ ቁርጥ ያርገውና፣ «አባቴን በስልክ ጠይቄአቸው ነው፣ ይቆይ ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለ።

እርስዎ ሄምፕ የሚባል ነገር ሰምተውም አያውቁ! ያን ሰሞን ደውዬልዎም አላውቅ! ቤቱ ግን ወዲያው ለዘብ አለ። «እሳቸው ምን ያድርጉ፣ አገሩን አያውቁት» ተባለ። አንዱማ «የድሮ ገበሬ ደግሞ ምን ያውቃል» ብሎ ሳቀ። በእርስዎ ሳቀ አባቴ! ውርጭ ከመውረዱ በፊት ሰማዩን አይተው ቀዬውን የሚያስጠነቅቁትን ሰው! እኔስ ምን ያደረግሁ ይመስልዎታል? አብሬ ፈገግ አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ግን ፈገግ ነው ያልኩት።

ጋሼ አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ «እኚያ ሰው በእኛ ነገር ተጸጽተው ይሆናል» እያሉ ይጨነቁልዎታል። አሁን መሐል ሜዳ ድረስ የሚወጡትም «አይዘኑ፣ ማናችንም አልተቀየምንዎትም» ሊሉዎ ነው። ለብርዱ ብለው ወፍራም ጃኬት ገዝተውልዎታል። ላልሠሩት ጥፋት ይቅርታ ሊያደርጉልዎ! ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራቸው ተነሣሁ መሰለዎት። ትናንት ሻንጣቸውን ሳግዛቸው እንኳ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ነገ ወደ ኤርፖርት የምነዳቸው እኔው ነኝ፤ ራሴን ስለማውቀው ኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ዌስትቼስተር እስክንደርስ ስለ ትራፊኩ ነው የማወራው። ስለዚህ ይህን ጽፌ፣ ፖስታውን አሽጌ፣ ከማንኛውም ወሬ በፊት ይከፈት ብዬ በአደራ እሰጣቸዋለሁ።

እርስዎንም አውቅዎታለሁ። ጋሼ ድንገት ቢመጡብዎ ልጄ በሰው ፊት ትዋረዳለች ብለው፣ ዓይንዎን ሳያሹ «አዎ፣ እኔ ነኝ ይቆይ ያልኳት» ይሉ ነበር። እንቅልፍ የነሣኝ ይህ ነው። የእኔን ጥፋት ለብሰው፣ በገዛ ቤትዎ፣ በእንግዳ ፊት አንገትዎን ሲደፉ ይታየኛል። እባክዎ አባቴ፣ አይሸፍኑኝ። ይቆጡኝ። እንደ ልጅነቴ ስሜን ሙሉውን ጠርተው ይቆጡኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስማችሁ ሰላም በሉልኝ፤ ሳሉ ካልተዋት ሐኪም ቤት ትሂድ፣ እምቢ እንዳትል። ወንድሜን ራጉኤልን ናፍቄዋለሁ በሉት፤ ገብሱን ሲነክስ እኔን አስታውሶ ይሳቅብኝ፣ እሱ መብቱ ነው። ሣህሊቱ የራጉኤል ሚስት እንዴት ናት? አራስነቷ በሰላም አለቀ? ሕፃኑን በግንባሩ ሳሙልኝ። የላይ ቤቷን እትዬ ሐሌታንም እንዲሁ።

የቤታችንን ደንብ አልረሳሁም። ከሩቅ የመጣ ደብዳቤ፣ ያመጣው እንግዳ ነው ለቤተሰቡ የሚያነበው፤ አባቴም ከሌላ ሰው አይሰሙም። ስለዚህ የመጨረሻው ሰላምታዬ ለአንባቢው ነው። ጋሼ ኪዳነማርያም፣ እንደምን ገቡ? መንገዱ በጣም አደከመዎት? ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን ይኸው በራስዎ ድምፅ ነገርኩዎ፤ ይቅር ይበሉኝ። አባቴን አልጠየቅኋቸውም፣ እሳቸውም ምንም አላሉኝም። የምትቀጥለውን አንዲት መስመር እማዬም እንድትሰማ እባክዎ ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።

ይቆይ ያልኩት እኔ ነኝ።

ልጅዎ ባንቺአየሁ ሰይፈሥላሴ
ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.