ጸበል የሆነው የመዋኛ ገንዳ

ይበልጣል፣

ወደ ጠዳ መሄዴ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከጣሪያው በአሸንዳ ያጠራቀምነው የመዋኛ ገንዳህ ውኃ ተጋምሷል፤ ከአዳር ሥራ ስትገባ እንዳትጮህ።

ትናንት ጎረቤታችን እማማ የትነበርሽ በአጥሩ ብቅ ብለው «ይህን ሁሉ ውኃ ምን ልታደርጉት ነው?» አሉኝ።

«የሩፋኤል ለት ዝናብ ገብቶበት ጸበል ሆኗል» ብዬ ቀለድኩ።

አልሳቁም። «ምነው ታዲያ ደበቃችሁን?» ብለው ጀሪካን ይዘው መጡ። ሰፈሩም ተከተላቸው።

ጥፋቱ የአፌ ነው። ግን አንተም የግቢውን በር ክፍት ትተህ ባትወጣ ኖሮ ይህ ሁሉ ሰው አይገባም ነበር።

ሐኪም ለወገብህ ዋና እንዳዘዘልህ ነግሬያቸዋለሁ።

«ታዲያ መጠመቅ እያለ ዋና ምን ያደርግለታል?» አሉ።

ለዛሬ ረፋድ ተራ ይዘውልሃል። እህል ሳትቀምስ ጠብቅ ተብለሃል።

ስለዚህ ቁርስህን በልቼዋለሁ።

ፋንታሁን