የፔቱኒያው ዘር አልሞተም

ዳንግላ፣ ቅዳሜ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የፔቱኒያ አበባዬ በቀለ። ዛሬ ጠዋት በተሰነጠቀው ገበቴ ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ አረንጓዴ ቡቃያዎች አየሁ። ደጋግሜ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ዘጠኝ ናቸው።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ባለፈው ወር በመምህራን ሁሉ ፊት «ዘሩን እርጥበት ላይ አስቀምጠሽ ገደልሽው» ብሎ የአትክልቱን ቦታ ከእጄ ወሰደ። የዘራው ግን ራሱ ነበር፤ እንደ ባቄላ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ያን ዕለት «ከትቢያ የደቀቀ ዘር እንዲህ አይቀበርም» ስለው፣ «ዲፕሎማሽ አበባ ያበቅል እንደሆነ እናያለን» አለና አሳቀብኝ። ከዘሩ ከረጢት ጥግ የቀረችውን ቁንጥር ይዤ ቤቴ ገባሁ።

አባቴ ስለ ፔቱኒያ ሰምተው አያውቁም። ዘሩን መዳፋቸው ላይ አድርገው አዩና፣ «ከጤፍም ያንሳል። ጤፍ ዘርቶ አፈር የሚያለብስ ማን አለ? መሬቱን ጠቅጥቀሽ ከላይ በትኚው» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ።

ዛሬ ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ይበላል?»

«አይበላም አባባ፣ አበባ ነው።»

«ታዲያ ይህን ያህል ምን አስጨነቀሽ?»

«ገድለሽዋል ተብዬ ነዋ።»

ገበቴውን ከመሬት አንስተው ሰጡኝና፣ «እንግዲያውስ ዶሮ እንዳይጭርብሽ መስኮቱ ላይ አውጪው» አሉ።

ሰኞ ገበቴውን ታቅፌ፣ ሳልሸፍነው፣ በከተማው መካከል አልፋለሁ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ጤፍ ሲዘራ አይተው ያውቃሉ?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ቦታውን ይመልስልኝ አይመልስልኝ አላውቅም። አሥራ ዘጠኙን ግን በራሱ ጣት ይቆጥራል።