አራት እግር አላት

ሰኞ፣ ሰኔ 9

አንድ ኮከብ። ከአምስት አንድ። ከሥሩም፦ «ላም ናት። አራት እግር አላት።»

ቁርሴን ትቼ ደጋግሜ አነበብኩት። ስድብ ነው? ቀልድ ነው? ሦስት እግር ያላት ጠብቀው ነበር?

የጻፉት የኔታ ላቀው ናቸው፤ ሐሙሲት አጠገብ ባለ ደብር የቅኔ መምህር። ጉሬዛን የገዙን እሳቸው ናቸው። ጥቁርና ነጭ፣ አይተው የማይጠግቧት የፎገራ ላም። ፎቶዋን በስልክ መገበያያው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። እኔ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቤ መጥቼ ወረታ ላይ ትዳር የያዝኩ የጂኦግራፊ መምህር። ከብት በስልክ ይሸጣል ስላቸው አማቴ አያ ደሴ ስቀውብኝ ነበር። ጉሬዛ ስትሸጥ መሳቃቸውን ተዉ። ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ቀና ብዬ ነው የምበላው።

አሁን የቀረችው ሻሽ ናት፤ የጉሬዛ እህት። ውሃው ሜዳውን ሳይሸፍነው መሸጥ አለባት። አምና አያ ደሴ ከብቶቹን ብቻቸውን በውሃ ውስጥ ወደ ከፍታው ነድተው ሳንባቸውን ታመሙ፤ ክረምቱን ተኝተው አሳለፉት። ሚስቴ የሺ «ዘንድሮ አባዬን ውሃ ውስጥ ካየሁት አንተን ነው የምጠይቅህ» ብላኛለች። ስትል አልሳቀችም።

ከመገበያያው የመጣ መልእክት፦ የገዥዎች አስተያየት ካልተሻሻለ ማስታወቂያዎ ከእይታ ይሰወራል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ለአንድ ኮከብ ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶች፦

ረግጣቸው ይሆናል።

አንድ ማለት አንደኛ ማለት መስሏቸው ይሆናል። (ይህን ሳስብ ትንሽ ተነፈስኩ። ግን «አራት እግር አላት» የአንደኛ ቋንቋ አይደለም።)

የሰኔ ጾም ነው፤ ወተቷን ገና አልቀመሱትም። ሳይቀምሱ ፈረዱ።

ፎቶውን ያነሳሁት ተንበርክኬ ነው፤ ላሟ ግዙፍ መስላለች። ተንበርክኮ ማንሳት ማጭበርበር ነው?

የሺ «ደውልላቸዋ» አለች። ለየኔታ ተደውሎ «ለምን አንድ ሰጡኝ?» ይባላል? እንዲያ የሚለኝ ተማሪ አለ፤ አልወደውም።

ማታ አያ ደሴን በዘዴ ጠየቅኳቸው። «ለመሆኑ ጉሬዛ እንዴት ነበር የምትታለበው?»

ግራ ቀኙን አዩ። ከእኔና ከየሺ በቀር ማንም የለም። «ለጥጃዋ አታንስም» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ማስታወቂያውን ስጽፍም ያሉኝ ይህንኑ ነበር። እኔ ነኝ «ወተቷ እንደ ምንጭ ነው» ብዬ ያሳመርኩት። ገባኝ። ወተት የሌላት ላም ሸጠናል። ሽማግሌው እውነቱን ነግረውኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

የመልስ ሙከራዎች።

«የተከበሩ የኔታ፣ በአስተያየትዎ አዝነናል።» የለቅሶ ቤት ደብዳቤ ይመስላል።

«እርስዎ ባለጌ ነዎት።» አይሆንም። አማርኛው ራሱ እምቢ አለ። «ነዎት» ስል ጎንበስ እላለሁ፤ ጎንበስ ብሎ ስድብ የለም።

ቀጥሎ ያደረግኩትን መጻፍ አልፈልግም። እጽፈዋለሁ። ሻጭም ለገዥ ኮከብ መስጠት ይችላል። አንድ ሰጠኋቸው። ከሥሩም፦ «ገዥው ሰው ናቸው። ሁለት ጆሮ አላቸው።»

ደስታው እጄን ታጥቤ እስክመለስ ቆየ። ከዚያ ጆሯቸው ታየኝ። ለካ ላሟን ገበያ ላይ ስናስረክብ አይቻቸው ነበር። ትልልቅ ጆሮ ነው ያላቸው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የርብ ወንዝ ደፍርሷል። እዚህ ጠብ አላለም፤ ደጋው ላይ ዘንቧል ማለት ነው። አያ ደሴ ድልድዩ ላይ ቆመው ውሃውን ሲያዩ አገኘኋቸው። «መጣ» አሉ እንደሚጠብቁት እንግዳ።

የፊዚክሱ መምህር መፍትሔ አለው። «መምህራኑን ሁሉ አምስት አምስት ኮከብ እንዲሰጡህ እናደርጋለን።»

«መላው መምህር አንዲት ላም ገዛ ሊባል ነው?»

«አክሲዮን ነው በላቸዋ!»

እምቢ አልኩ። ሐቅ ሐቅ ነው አልኩ። ድምፄም ጥሩ ነበር። ከምሳ በኋላ ሐሳቡን እንዳልቀየረ ለማረጋገጥ ፈለግኩት፤ ወደ ባሕር ዳር ሄዷል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

የኔታ ደወሉ።

«ልጄ፣ የጻፍኸውን አየሁት።»

«የኔታ፣ እኔ…»

«በስልክ የሚነገር አይደለም። ነገ ና።» ዘጉት።

ባዶ እጅ አይኬድም። ምን ልያዝ? ስኳር ይዞ መሄድ ለወተቱ ካሣ ከፍሎ ላሟ ወተት የላትም ብሎ ማመን ይመስላል። የሺ «ጧፍ ያዝ» አለች። «ቢረግሙህም ለቤተ ክርስቲያን ይሆናል።» የጻፍኩትን ዛሬ ነው ያሳየኋት። ትራስ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ቀጥላ ደግሞ አማተበች። የትኛውን ልመን?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

በሐሙሲት ታክሲ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ጉሬዛን ፈለግኳት። የለችም። ሞታለች ብዬ ደመደምኩ። የኔታ እጄን ይዘው ያለ አንድ ቃል ወደ ጓሮ ወሰዱኝ፤ ጎጆ ከፈቱ፣ አስገቡኝ፣ በሩን ዘጉት።

ቆማለች። ያረጀ ነጠላ ጀርባዋ ላይ ተጥሎ ጡቷ ድረስ ወርዷል። የኔታ ጫፉን ገለጥ አደረጉት።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስለ ላም አላውቅም። ያን ግን ማንም ያውቀዋል።

«አየህ?»

«አየሁ።»

«በል ዝም በል።» ሸፈኑት።

ውጭ ተቀምጠን ነገሩኝ። «ልጄ፣ ያ የስልኩ ነገር አደባባይ እኮ ነው። ማን እንደሚያይ በምን ታውቃለህ? አንተ ደግሞ ወተቷ እንደ ምንጭ ነው ብለህ ለፈፍህ! ደንግጬ ነው ፈጥኜ የገዛኋት፣ የሰው ዓይን ሳይቀድመኝ። አሁን አምስት ሰጥቼ ልግደላት? ሁለት ልስጥ ብዬ አሰብሁ። ሁለትም በዛ።»

«የኔታ፣ እኔ የጻፍኩት ግን…»

«ያንተማ!» ሳቁ፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሁለት ጆሮ አላቸው! የከተማ ልጅ ብዬ ንቄህ ነበር፣ ይቅር በለኝ። እኔንም በዚህ ዕድሜዬ ጤናዬን፣ ድምፄን፣ ሁሉን ሸሸግህልኝ። ማነው ያስተማረህ?»

እውነቱን የምናገርበት ቦታ ይህ ነበር። በግልጽ አየሁት፤ እንደ ክፍት በር።

«አያ ደሴ» አልኩ።

«ጨዋ ሰው» አሉ። ጎረቤታቸውን ጠሩ። አቶ ምሕረቴ፤ ከፍታው ላይ ግጦሽ ያላቸው ገበሬ። ሰላም ሳይሉኝ በፊት በጆሮዬ ጠየቁ፦ «ያቺ አራት እግር አላት የተባለችው፣ እህት አላት አሉ?»

እሑድ፣ ሰኔ 15

ከቅዳሴ በኋላ መጡ። አቶ ምሕረቴ ሻሽን እየዞሩ ጮክ ብለው፦ «ቀንዷ ጠማማ ነው።» እጃቸው ግን ጀርባዋን እንደ ሐር ነው የሚዳብሰው።

«ሰነፍም ናት» አሉ አያ ደሴ።

«ከስታለች።»

«ከልጅነቷ ነው።»

በዚህ ዓይነት እስኪስማሙ ሰደቧት። እኔ አፌን ያዝኩ። አንድ ጊዜ «ዓይኗ ግን…» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ የሺ ቆነጠጠችኝ።

ሻሽ በደረቁ መንገድ ሄደች። አያ ደሴ እስክትሰወር አዩዋትና ዘንጋቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። ስልኬን አውጥቼ የኔታ የጻፉትን አነበብኩላቸው። ሳምንቱን ሙሉ የደበቅኳቸውን። ዓይናቸው ረጠበ።

«አራት እግር አላት» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲህ ያለ ገዥ ከየት ይገኛል?»

የሺን ጠየቅኳት። በንዴት የጻፍኩትን ላጥፋው?

«አሁን ካጠፋኸው ነው የሰደብሃቸው» አለች።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ሌሊቱን ዘነበ። ከታች በኩል ሜዳው ማብረቅረቅ ጀምሯል። አያ ደሴ ደጃፍ ላይ በደረቅ እግራቸው ተቀምጠዋል።

አቶ ምሕረቴ አንድ ኮከብ ሰጡን፦ «ቀንድ አላት።» ደስ አለኝ። ደስ ማለቱ ትንሽ አስፈራኝ።

ወዲያው ከመገበያያው መልእክት መጣ። ማስታወቂያዬ ከእይታ ተሰውሯል። ለአያ ደሴ ነገርኳቸው፤ ላዝን ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ከሰው እይታ ተሰወረ?»

«ተሰወረ።»

«እሰይ!» አሉ። «ቀድሞስ ምን ወስዶ እዚያ አሰጣው።»

መገበያያው ለገዥው አስተያየት እንድሰጥ አሁንም እየጠየቀኝ ነው። ሰውየው ቃላቸውን አከበሩ፣ በሰዓቱ መጡ፣ ላሟን እንደ ሙሽራ ይዘዋት ሄዱ። ጣቴ አምስተኛው ላይ ደርሶ ቆመ። አዲስ አበባ ያለ፣ የማያውቀን ሰው ይህን ቢያነብ ምን ይላል? ሐቅ ለማን ነው የሚጻፈው?

አንድ ሰጠኋቸው። «ባርኔጣ አላቸው» ብዬ ጻፍኩ።

ውሸት አይደለም። አላቸው።