የሲናናው የውጭ አገር ዜጋ

ሮቤ፣ ጥር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ዱጉማ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር

ወንበርዎ ተመችቶዎት፣ ማኅተምዎም ሳይደርቅብዎ እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የሮቤ ብርድ ጉልበቴን ከመያዙ በቀር ደኅና ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ጡረተኛ ስሆን፣ እርስዎንም አራተኛ ክፍል ማስተማሬን ሳስታውስ፣ ከዛሬው ጉዳይ ራሴን ነጻ ማድረግ ስላልቻልኩ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ ባለፈው ሳምንት ሰኞ በለጠፉት ማስታወቂያ «ሙሴ» የሚለው መጠሪያ የፈረንሳይ መሳፍንት ቅሪት ስለሆነ ማንም እንዳይጠራበት ከልክለዋል፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን። እርግጥ ነው፣ ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ጥንት «ጌታዬ» ማለት ነበር። ይሁን እንጂ ፈረንሳዮች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ዳቦ ጋጋሪውንም ፖስተኛውንም በዚሁ ይጠሩታል። በአገራችንም ከግሪክና ከአርመን ነጋዴዎች ስም ፊት ሲቀመጥ ኖሯል። ጎረቤቴ ዲኖ ደግሞ ሙያቸውን የተማሩት ጎባ ከነበረ አርመናዊ መካኒክ ስለሆነ፣ ሰውዬው አገር ሲለቅ መፍቻዎቹንም መጠሪያውንም ትቶላቸው ሄደ። በእኛ ከተማ የቆመ ሞተር የሚያስነሳ ሰው ሙሴ ይባላል፤ ልማዳችን ይኸው ነው።

ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፣ ፈረንሳዮችም በአብዮታቸው ዘመን ይህንኑ ቃል ሽረው «ዜጋ» ተባብለው ነበር። ቃሉ ተመልሷል፤ የሻሩት ሊቃነ መናብርት የት እንደደረሱ ግን መጽሐፌ አይናገርም።

ሁለተኛ፦ ረቡዕ ዕለት በመታወቂያ እድሳት ላይ ጸሐፊዎ፣ ሰው ሁሉ ዲኖን «ሙሴ» ሲል ሰምተው፣ በዜግነት ቦታ «የውጭ አገር» ብለው ሞሉ። ሰኞ የተከለከለ ቃል ረቡዕ ማስረጃ ለመሆን መብቃቱ የሥራችሁን ቅልጥፍና ያሳያል።

ሦስተኛ፦ ጊኒር አያቷ ቤት ያደገችው የዲኖ ልጅ ዙህራ የፊታችን እሑድ እዚያው ትዳራለች። አባት የይለፍ ወረቀት ቢጠይቁ ከኤምባሲያቸው ደብዳቤ እንዲያመጡ ታዘዙ። እዚሁ አጠገባችን ሲናና የተወለዱት ሰው ከሚስታቸው ጋር ቤቴ መጥተው «እትዬ ሠርከአዲስ፣ የሲናና ኤምባሲ በየት በኩል ነው?» ሲሉኝ ሁላችንም ሳቅን። ሚስታቸው ሞሚና ግን «ታዲያ ኒካው ያለ አባት ሊታሰር ነው?» ስትል ሳቃችን እዚያው ቀረ።

ስለዚህ በአንድ ቃል የመጣው ስህተት በአንድ ቃል ታርሞ፣ የይለፍ ወረቀቱ እስከ ዓርብ ከሰዓት እንዲሰጣቸው በትሕትና እጠይቃለሁ። አውቶቡሱ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ እንደ ቢሮዎ ሰው አያስጠብቅም።

ለትምህርትዎ ሁሉ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣ በሚቀጥለው ማስታወቂያዎ የበለጠ ለማወቅ ደብተሬን ይዤ የምጠባበቅ፣

የቀድሞ አስተማሪዎ፣ የዛሬ ተማሪዎ
ሠርከአዲስ ባዳሳ

ማስታወሻ፦ ይህን ገልብጬ ሳልጨርስ የቀበሌው ወፍጮ ቆሞ ኖሮ፣ ጥበቃው ወዚር ከአጥሩ ማዶ «ያ ሙሴ! ኧረ ይድረሱልን፣ ሊቀ መንበሩ ናቸው የላኩኝ!» እያለ ሲጣራ ሰማሁ። ዲኖ ሕግ አክባሪ ናቸውና፣ የውጭ አገር ሰው ያለ ሥራ ፈቃድ መፍቻ መያዝ እንደማይችል በአክብሮት ነግረው መልሰውታል።