ፊት የሌለው ፎቶህ

አባዬ፣

ተለይተኸን ሙት ዓመትህ ሊደርስ ጥቂት ቀርቶታል። አፈሩ ይቅለልህ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። እለዋለሁ፣ ግን መጨረሻ ላይ። መጀመሪያ የምነግርህ አለኝ።

ቡታጅራ እንዳለች ናት። ፎቶ ቤቱን አልዘጋነውም። ወንድሜ ከመርካቶ መጥቶ ሸቀጥ ልክተትበት ብሎ ነበር፤ እማዬ “የሙያ ቤት ነው፣ አይነካም” ብላ መለሰችው። የጃንሆይ ፎቶ ከነአቧራው እዚያው ተሰቅሏል። ካሜራህን እኔ ይዤዋለሁ። ፍላሹንም። አዎ፣ ፍላሹንም፤ ከቻልክ ተነሥተህ ቀማኝ።

ለቅሶህ ላይ የሆነውን የነገረህ የለም። የከተማውን ሰው ሁሉ ስታነሳ ኖረህ አንተ ግን ካሜራ ፊት መቆም አትወድም ነበር። ስለዚህ የሚያዝ ፎቶ ሲፈለግ በቤቱ የተገኘው ያው እኔ ያነሳሁህ ብቻ ሆነ፤ ኮትህ በደንብ የሚታይበት፣ እጅህ የመለኪያ ገመዱን ጫፍ እንደያዘ የሚታይበት፣ ከኮሌታህ በላይ ግን እንደ ቡላ የነጣው። አልቃሿ እሱን ከፍ አድርጋ ይዛ “ዓይነ ኮከቡ፣ መልከ መልካሙ” እያለች ድንኳኑን አስለቀሰች። ዓይንም መልክም አልነበረበትም። ከጉንችሬ የመጡት ዘመዶችህ ተገልብጦ ይሆናል ብለው ጀርባውን አዩት። እኔ ሳቄ መጣ። አፌን በነጠላዬ አፈንኩ፤ ሰው ሐዘን መሰለውና ደገፈኝ።

ፍላሽ ያስተማርከኝ ወደኸኝ አልነበረም። የመስቃን ሙስሊሞች ሙሽራዋ ካለችበት ጓዳ ባዕድ ወንድ አያስገቡም፤ ጓዳው ደግሞ ጨለማ ነው። ሴት አስፈለገችህ፣ የተገኘሁት እኔ ነኝ። የቃጫ ገመድ ላይ ቋጠሮ እየቋጠርክ አንዱን ጫፍ ከካሜራው እግር አሰርክ፤ ሌላውን ጫፍ ፎቶ ተነሺው ይይዛል። በመሃል ያለውን ቋጠሮ ቆጥሬ፣ ሰውየው ቀረብ ሲል የካሜራውን ዓይን አጠባለሁ፣ ራቅ ሲል አሰፋለሁ፤ ከልክ በላይ ካሰፋሁት ፊቱ ይነጣል። አምፖሉ አንዴ በርቶ የሚሞት ነውና ክረምቱን ሙሉ ባዶ ፍላሽ አስተኮስከኝ። አምፖል የሰጠኸኝ ቀን ቂጡን በምላሴ አርሼ እንድሰካው አሳየኸኝ። ከበራ በኋላ እንደ ፍም እንደሚያቃጥል ግን ሳትነግረኝ “አውጪው” አልከኝ። የጣቴ ቆዳ እዚያው ላይ ቀረ። “እንግዲህ አትረሺውም” ብለህ ሳቅክ። እውነትህን ነው፣ አልረሳሁትም።

ተነሺ ዓይኑን ሲጨፍንብህ ምን ትል እንደነበርም ትዝ ይለኛል። “ምነው፣ ጥይት ነው እንዴ? ወንድ ሁን!” አንድ ሽማግሌ ከሰባት ቤት አገር መጥተው፣ ብልጭታው የመብረቁን አምላክ የቦዠን ቁጣ ይጠራል ብለው ከወንበሩ ሲሸሹ፣ በገበያተኛ ፊት መሳቂያ አደረግካቸው። ያኔ እኔም ከአንተ ጋር ስቄያለሁ።

የዘይነባ ሰርግ ሲቃረብ “መጀመሪያ እኔን አንሺኝ፣ ልይሽ” አልክ። ዘይነባ የጎረቤት ልጅ ብቻ አልነበረችም፤ ውሃ አብረን ቀድተን፣ እንጨት አብረን ለቅመን ነው ያደግነው። “ወላሂ፣ ከአንቺ ሌላ ጓዳዬ ገብቶ የሚያነሳኝ የለም” ብላኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጥክ፤ የገመዱን ጫፍ ያዝክ። ቋጠሮውን ቆጠርኩ፣ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ተኮስኩ። እኔ ፎቶ የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል መግባት አይፈቀድልኝም ነበርና አንተው አጥበህ አተምከው። ይዘኸው የወጣኸው ያንን ነጭ ፊት ነው። “ቋጠሮ አብዝተሽ ቆጠርሽ!” ብለህ በጥፊ አጮልከኝ። ፎቶውን በሩ ላይ ለጥፈህ ለገባ ለወጣው ሁሉ “የልጄ ሙያ” እያልክ አሳየህ። ለዘይነባ አባትም “ልጄ አልሆነላትም” ብለህ ላክህባቸው። ሰርጉ ያለ ፎቶ አለፈ። እኔም ቋጠሮ መቁጠር የማልችል ደንቆሮ ነኝ ብዬ አመንኩህ።

ዘይነባ በመጀመሪያ ልጇ ወሊድ ላይ ሞተች። እናቷ እትዬ ከዲጃ ከቀብሩ በኋላ መጥታ፣ በሩ ላይ በተለጠፈው ፎቶህ አጠገብ አልፋ ገባች። “የልጄ መልክ የለሽም? ትንሽም ብትሆን?” አለችኝ። አንተ ወንበርህ ላይ ነበርክ። ካሜራህን መወልወልህን እንኳ አላቆምክም።

አሁን እማዬ “ለሙት ዓመቱ ፊቱን የማይበት ነገር ስጪኝ” ብላ ለመነችኝ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ጨለማ ክፍሉን ወረቀት እያበላሸሁ ብቻዬን ተምሬዋለሁ። የዚያን የነጭ ፎቶ ኔጌቲቭ፣ ዋናውን ፊልም፣ ከሌሎቹ መካከል አወጣሁና አተምኩት። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ኮትህ መጣ፣ ቀጥሎ ጢምህ፣ ቀጥሎ ፊትህ። አንድም ቦታ አልነጣም። ዓይንህን ጨፍነሃል፣ አባዬ። አፍህ ተጣሞ፣ አንገትህ ትከሻህ ውስጥ ተቀብሮ፣ ዱላ የተሰነዘረበት ልጅ መስለሃል። ለካ ስታትመው ፊትህ ላይ ብርሃን እንዳይደርስ በመዳፍህ ጋርደኸው ነው፤ ሲታተም ብርሃን ያልደረሰበት ወረቀት ነጭ ሆኖ ይቀራል።

ቋጠሮ አብዝቼ አልቆጠርኩም። ያን ሰዓት አጠገቤ ብትሆን ያንን ጥፊ እመልስልህ ነበር።

ለእማዬ ስሰጣት ታፍራለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳመችውና “ይኸው ባሌ! መብረቅ ሲጮህ ጉያዬ ሲገባ እንዲህ ነው” ብላ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ፈሪ መሆንህ አልከፋኝም፤ ማን መብረቅ አይፈራም? ፍርሃትህን በእኔ ላይ ማላከክህን ነው ያልተውኩልህ።

ነጩን ፎቶ አቃጥዬዋለሁ። ለሙት ዓመትህ የሚወጣው የጨፈንከው ነው፤ የሚስቅ ይሳቅ። አሁን የሙሽሮቹ ጓዳ እኔ ነኝ የምገባው። ሙሽራ ፍላሹን ስትፈራ “አባቴም ይጨፍን ነበር” እላታለሁ። ትስቃለች፣ ያኔ እተኩሳለሁ። ጥሩ ፎቶ ይወጣል።

እንግዲህ አፈሩ ይቅለልህ። አንተን አልረሳህም፤ ብፈልግም አልችልም፣ ግድግዳው ላይ አለህ። ትናንት ግን እትዬ ከዲጃ መንገድ ላይ አስቁማ፣ ዘይነባ ስትስቅ ጉንጯ ላይ የሚታየው ስርጉድ በግራ ነበር ወይስ በቀኝ ብላ ጠየቀችኝ። እሷም ጠፍቶባታል። እኔም አላወቅኩትም።

ልጅህ አስካለ